«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ሲባል ድንጋዩ ከየት መጣ?

ንባብ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ያልገባኝ ምሳሌው ነው። እኔ ጨው ሲባል የሚታየኝ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ደቃቅ ነገር ነው። እሱን ማን ድንጋይ ይለዋል? አሸዋ ቢሉት ይገባኝ ነበር። መነሻውን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ደጀ ብርሃን፦
ከወንጌል የመጣ ይመስለኛል። ማቴዎስ 5፥13 ላይ «ጨው አልጫ ቢሆን ግን በምን ይጣፍጣል?» ይላል። አልጫው ጨው ወደ ውጭ ተጥሎ ይረገጣል።

የሲራራ ልጅ፦
ደጀ ብርሃን፣ መቀራረባቸውን አልክድም። ግን ወንጌሉ «ድንጋይ» አይልም። እኔን ብትጠይቁኝ ድንጋዩን ያመጣው አሞሌ፣ ማለትም እንደ ጡብ የተጠረበው የድሮው ጨው ነው።

ንባብ ወዳድ፣ ያንተ ዘመን ጨው ተፈጭቶ ነው የደረሰህ። የድሮው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ሜዳ፣ እንደ ድንጋይ ተፈንቅሎ፣ በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ የሚወጣ ነው። አያቴ ጓዳ አንድ ነበረ። እርጥበት እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጭሱ አጥቁሮት፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ለማያውቅ ሰው ቢላዋ መሳያ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ስትፈልገው ጫፉን ሰብራ በመጅ ትደቁሰዋለች፤ ያኔ ነው ውስጡ ነጭ መሆኑ የሚታየው። እንዲህ ያለውን ነገር ከድንጋይ የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። አባባሉ ጨውን የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ይመስለኛል፦ መልክህ አያድንህም፣ ያለህ ምስክር ጣዕምህ ነው።

ደግሞ አሞሌ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር ይወርዱ እንደነበር ጽፏል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝም ጨው ሲገበያዩበት አይቷል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ስለሚወርድ በልጥ ጠፍረው ነበር የሚያጓጉዙት።

ንባብ ወዳድ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲያው «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚባለውስ? ብልሁ ለምን እንደሚያለቅስ ገብቶኝ አያውቅም።

የሲራራ ልጅ፦
አሞሌ ገንዘብ መሆኑን ካወቅህ ይፈታል። የሚናደው ሀብት ነው። ብልሁ የአገር ጥሪት ሲፈርስ ያያል፤ ሞኙ ደግሞ እግሩ ሥር የወደቀችለትን ቁራጭ ብቻ። በጣም የምወደው አባባል ነው፤ የጋራ ንብረት ሲዘረፍ «ለእኔም ደረሰኝ» ብሎ የሚደሰት ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደጀ ብርሃን፦
የአሞሌው ነገር አሳምኖኛል። ለልጆቼ በዓይናቸው ባሳያቸው ደስ ይለኛል። አሁንስ ይገኛል?

የሲራራ ልጅ፦
አፋር ላይ ዛሬም ይቆረጣል። ወደ መቀሌ የሚሄድ ዘመድ ካለህ ከጨው ተራ አንድ ያምጣልህ። ለልጆቹ ምን እንደሆነ ሳትነግራቸው በፊት ስጣቸው፤ መጀመሪያ ምን እንደሚሉት እዚህ ጻፍልን።