ጥቆማ፦ «ጋዝ ጨርሷል» የሚላችሁን ከማመናችሁ በፊት

ሰሞኑን በየግሩፑ «አሪፍ የፍሪጅ ባለሙያ ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ብዙው ሰው የሚፈልገው ስልክ ቁጥር ነው። እኔ ስልክ ቁጥር አልሰጥም። ምን ዓይነት ባለሙያ፣ ምን ዓይነት መከላከያ፣ ምን ዓይነት ፍሪጅ እንደሚያዋጣችሁ ግን እስኪበቃችሁ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ጥሩ የሠራላችሁ ልጅ ነገ ሰፈር ሊቀይር ይችላል፣ ለይቶ መምረጥን ካወቃችሁ ግን የትም ብትሄዱ አትቸገሩም።

ዋናውን ላስቀድም። ፍሪጅ ጋዝ አይጨርስም። እንደ ማብሰያ ሲሊንደር ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር የለውም። ጋዙ ዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነው፣ ፍሪጁ ለዓመታት ቢሠራም ያው የፋብሪካው ጋዝ ነው። ከጎደለ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ መጥቶ በሩን ከፈት አድርጎ፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጎ «ጋዝ ጨርሷል» ያለ ሰው ገና ምንም አልመረመረም።

አክስቴ ቤት የሆነው ይሄው ነው። አንዱ መጣ፣ ጋዝ ሞላ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ለጥቂት ሳምንት በደንብ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ተመልሶ ሞቀ። ስትደውልለት «አሁንም ጋዝ ነው» ብሏት ድጋሚ አስከፈላት። መጨረሻ ላይ ጎረቤቷ ሌላ ልጅ ጠቆመቻት። እሱ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን አስገባ፣ ከዚያ ላርጎ በውሃ መትቶ አረፋውን በብሩሽ ከኋላ ያሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ቀባ። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) አጠገብ ያለችው መጋጠሚያ ላይ አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። ቀዳዳዋ እሷ ነበረች። በየዳት፣ ፊልተሩን ቀየረ፣ አየሩን በፓምፕ ስቦ አወጣ፣ ጋዙን በሚዛን መዝኖ ሞላ። ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው፣ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ገንዘባችሁን ነው የምትበትኑት።

እንግዲህ ባለሙያ ስትጠሩ ገና በስልክ ሁለት ነገር ጠይቁት። «ቫኪዩም ፓምፕ ይዘህ ትመጣለህ?» እና «የጋዝ ሚዛን አለህ?» በሉት። ፍሪጁ ስንት ግራም ጋዝ እንደሚይዝ ጀርባው ወይም የውስጥ ጎኑ ላይ በተለጠፈችው ጽሑፍ ላይ አለ። በጆሮና በመዳፍ እየገመተ የሚሞላ ሰው ቢያሳንስም ቢያበዛም ፍሪጁ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ኮምፕረሰሩም ያለ እረፍት ሲሠራ ይውላል።

ከየት ይጠራ ለሚለው፣ የእኔ ምርጫ እንደ ፍሪጁ ይለያያል። ዋስትናው ካላለቀ ወደ ሻጩ ወይም ወደ ብራንዱ የጥገና ማዕከል ብቻ ሂዱ፣ ሌላ ሰው ከነካካው ዋስትናው ሊቀርባችሁ ይችላል። ኢንቨርተር ኮምፕረሰር (ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚቀያይር ሞተር) ያለው ከሆነም ዋስትናው ቢያልቅ እንኳ እነሱን እመርጣለሁ፤ ካርዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። ጉዳቱ ወረፋው ነው፣ ዋጋቸውም ጠንከር ይላል። ተራ፣ በረዶ የሚሠራ የድሮ ፍሪጅ ከሆነ ግን ሱቅ ከፍቶ ሰፈር ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ በቂ ነው፣ እንዲያውም ይሻላል፤ ነገ ቢበላሽ በሩ ላይ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ከቴክኒክና ሙያ የወጡ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ፈተና) ያለፉ ልጆች አሉ፣ መጠየቅ ነውር የለውም። ፖል ላይ ቁጥር የለጠፈ፣ አድራሻውን የማታውቁት ሰው የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። ቢያንስ የሠራውንና የቀየረውን ዕቃ ጽፎ ፈርሞ ይስጣችሁ።

አሁን አደጋ ያለበትን ነገር ልናገር፣ እዚህ ላይ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች የሚሠሩት አር 600ኤ (R600a) በሚባል ጋዝ ነው። ይሄ ጋዝ ይቀጣጠላል። ኮምፕረሰሩ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ምልክት ታያላችሁ። ትንሽ ቀደም ያሉት ደግሞ አር 134ኤ (R134a) ናቸው፣ እሱ የእሳት አደጋ የለውም። ሁለቱ አይቀያየሩም፣ «ያው ነው፣ ይሄኛውን ልሙላልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። አር 600ኤ ያለበትን ቱቦ ጋዙ ሳይወጣ፣ ቤቱ ሳይናፈስ በእሳት መበየድ ሰው ያቃጥላል። ባለሙያው ሲሠራ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ምድጃና ከሰል አጥፉ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ።

ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ የምታዩት ነገር አለ፣ አብዛኛው ነፃ ነው። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራ ተሸፍኖ ከሆነ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ፍርግርግ ከሌለው ቱቦው በራሱ በፍሪጁ ጎን ውስጥ ነው፣ ጎኖቹ ሞቅ ማለታቸው ጤናማ ነው፣ ግን ከግድግዳና ከቁምሳጥን ጋር አታጣብቁት። የበሩን ጎማ በብር ኖት ፈትኑት፦ አንድ መቶ ብር በሩ ላይ አስይዛችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይገጥምም። ቆሻሻ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ በለብታ ውሃና በላርጎ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩት። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ የሚጠራቀም ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለችው ትንሿ የውሃ መውረጃ ተደፍናለች። በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ክፈቷትና ትንሽ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱባት፣ ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ላክል። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈችው ጽሑፍ ላይ ኤስኤን (SN)፣ ኤን (N)፣ ኤስቲ (ST) ወይም ቲ (T) የሚል ፊደል አለ። ፍሪጁ ምን ያህል ሙቀት ላለው ክፍል እንደተሠራ ነው የሚነግራችሁ፦ ኤስኤን ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤን ከ16 እስከ 32፣ ኤስቲ ከ16 እስከ 38፣ ቲ ከ16 እስከ 43። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ያላችሁ ቲ የሚለውን ፈልጉ። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ባለች ቀዝቃዛ ኩሽና ለምታስቀምጡ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ ሙቀቱን የሚለካው ከታች ነው፤ ክፍሉ ራሱ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ይተኛል፣ ላይ ያለው ፍሪዘር ይቀልጣል። ኅዳር ላይ «ስጋው ለምን ለሰለሰ» የምትሉ ሰዎች ምናልባት መልሱ ይሄ ነው። የኔ ጥቆማ ኤስኤን የሚጨምር ፊደል ያለው ነው፣ ወይም ፍሪጁን ወደ ቤት ማስገባት።

ወደ መከላከያው ልግባ፣ ምክንያቱም ፍሪጅ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም፣ ሞተሩ ሊነሳ ሲታገል ይግላል። ለዚህ ፍሪጅ ጋርድ የሚባለው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ቮልቴጁ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ሲወርድ ያቋርጣል፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ስትገዙ የመጠበቂያ ሰዓት እንዳለው አረጋግጡ፣ ቢያንስ 3 ደቂቃ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩት፤ ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ተራ ማራዘሚያ ነው።

ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ምጣድ በተሰካ ቁጥር አምፖሉ የሚደበዝዝባችሁ፣ ማታ ማታ መብራቱ ሁሌ ደካማ የሆነባችሁ ሰዎች ፍሪጅ ጋርድ ብቻ ብትገዙ ቀኑን ሙሉ አቋርጦባችሁ ይውላል። እናንተ ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ስታቢላይዘር ያስፈልጋችኋል። ሲነሳ ሞተሩ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ስለዚህ በጣም ትንሹን አትግዙ። የመጠበቂያ ሰዓት ያለውን ምረጡ። ኢንቨርተር ፍሪጅ ያላችሁም «ኢንቨርተር ስለሆነ ምንም አይሆንም» አትበሉ፣ ካርዱ በድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊቃጠል ይችላል። ፍሪጁን ከምጣድ ወይም ከውሃ ማሞቂያ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩት።

ያገለገለ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስላችኋል፣ ኸርዙን አይቀይርም። ከሳዑዲ ይዘውት የሚመጡትም ብዙ ጊዜ 60 ኸርዝ ነው፤ ቮልቱ ስለሚመሳሰል ሰው አያስተውለውም። ጽሑፏ ላይ 50 የሚል ከሌለ እኔ በርካሽም አልገዛውም። በቪትዝ ኋላ ወይም በአይሱዙ አስተኝታችሁ ካመጣችሁት ደግሞ ወዲያው አትሰኩት፤ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይዋል።

ጽዳት ላይ ውድ ስፕሬይ አያስፈልግም። ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከሱቅ ከሚገዛ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይበልጣል። የስጋ ደም ከፈሰሰ ብቻ በጣም የቀጠነ በረኪና ተጠቀሙ፣ ከዚያ በንፁህ ውሃ ደጋግማችሁ ጥረጉ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የፍሪዘሩ በረዶ ግማሽ ሴንቲ ሲሞላ አቅልጡት። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጡ አስቀምጡና ታገሱ። ቢላዋ፣ ማንኪያ፣ መፍቻ የሚባል ነገር እንዳታስጠጉ! አንዳንድ «ጋዝ ጨርሷል» የተባሉ ፍሪጆች የተበሱት በገዛ ቢላችን ነው፣ የተበሳ የፍሪዘር አሉሚኒየም ደግሞ ጥገናው አስቸጋሪ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ፍሪዘሩ ባዶ ስለሚሆን ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሌላው የምጠቁመው ዕቃ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ነው። የፍሪጁ ቅዝቃዜ ማስተካከያ ላይ ያለው 1፣ 2፣ 3 ዲግሪ አይደለም። ታች ከ4 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 እንዲሆን ነው የምንፈልገው። በዓል ሲደርስ፣ የቅርጫ ስጋ በአንዴ ሲገባ፣ ይሄ ቁጥር ከፍ ማለቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ስጋውን በትንሽ በትንሹ ቋጥራችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ቶሎ በረዶ ይሆናል። ጥሬ ስጋና ዶሮ ሁሌ ከታች መሳቢያ፣ የበሰለው ከላይ። የሚጤስ የወጥ ድስት እንዳለ አታስገቡ፣ ወደ ሰፋፊ ዕቃ ገልብጣችሁ አብርዱት እንጂ፣ ውጭም ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዝ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ያስተኛዋል። ሊስቴሪያ የምትባለው ባክቴሪያ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ትባዛለች፣ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት የቆየ የበሰለ ምግብ በደንብ ሳይሞቅ አይበላ።

መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቱ። የተዘጋ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካላችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ አስገቡበት፣ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ጫፉን ጎደል አድርጉት። ከቤት ወጥታችሁ ለምትቆዩ ደግሞ፦ አንድ ኩባያ ውሃ አርግታችሁ አናቱ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ከወረደ በረዶው ቀልጦ ነበር፣ ስጋውን ጣሉት፣ ቢያሳዝንም።

ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ ያላችሁ በሚዛን የሚሞላ፣ ፓምፕ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካገኛችሁ ከሥር ጻፉ፣ ሰፈሩንና ምን እንደሠራላችሁ ጨምራችሁ። «ጎበዝ ነው» ብቻ አትበሉ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ያሳያችሁ እንደሆነ ንገሩን።