ጥያቄ፦ ለአባቴ የሆድ ራጅ ታዘዘ፤ አልትራሳውንድ አይሻልም ወይ?

ጠያቂ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ አባቴ የ64 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ አጋሮ አጠገብ ቡና ያለማሉ። ሆዳቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየተነፋ ሄዶ ሰገራም ጋዝም እምቢ ስላላቸው ዛሬ ጠዋት ጅማ አምጥተናቸዋል። ሐኪሙ ተኝተውና ቆመው ሁለት የሆድ ራጅ እንዲነሱ አዘዙ፤ ዘመዶቻችን ግን «ራጅ ለአጥንት ነው፣ ጨረሩም ይጎዳቸዋል» ስላሉን ግራ ገብቶናል። ሁለቱስ ለምን አስፈለጉ?

የራጅ ባለሙያ፦ እህቴ፣ እባክዎ ሳይዘገዩ ያስነሱ። ጋዝ የአልትራሳውንድን ሞገድ ስለሚያግድ የተነፋ ሆድ በዚያ አጥርቶ አይታይም፤ በራጅ ላይ ግን ጋዙ ጠቁሮ ስለሚወጣ የአንጀቱን ስፋት መለካት ይቻላል። ትንሹ አንጀት ከ3 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ከ6፣ የትልቁ አንጀት መነሻ ደግሞ ከ9 ካለፈ ሰፍቷል ይባላል። ተኝተው ሲነሱ የጋዙ አቀማመጥ ይታያል፤ ቆመው ሲነሱ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርድና ጋዙ ከላይ ሆኖ በመካከላቸው አግድም መስመር ይሠራል። አንጀት ተበስቶ ከሆነ ያመለጠው አየር ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ (ዲያፍራም) ሥር ስለሚታይና ይህም ቆመው በሚነሱት የደረት ራጅ ላይ ይበልጥ ስለሚጎላ፣ እርሱም ቢጨመር አይደንግጡ። መቆም ካልቻሉ በግራ ጎናቸው ተኝተው ይነሳሉ። የአንድ የሆድ ራጅ ጨረር ማንኛችንም ከተፈጥሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም፦ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው የትልቁን አንጀት መጠምዘዝ ነው። የተጠማዘዘው አንጀት በራጅ ላይ መሐሉ የተሰነጠቀ ትልቅ የቡና ፍሬ ይመስላል፤ እኛም «የቡና ፍሬ ምልክት» እንለዋለን፣ አባትዎም ቢያዩት የሚለዩት ቅርጽ ነው። ራጁ ግልጽ ካልሆነ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል፤ ራጁ ደህና መሰለ ተብሎም ሕመሙ እየባሰ ወደ ቤት መመለስ አይገባም። እስከዚያው ምግብም መጠጥም አይስጧቸው። ትኩሳት ካላቸው ወይም ሆዳቸው እንደ ጣውላ ከደረቀ ወዲያውኑ ይናገሩ።

አባል፦ እኛ ለአጎታችን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጥተን አንድ ሌሊት አባከንን፤ በማግስቱ የጠቆረው አንጀታቸው ተቆርጦ ወጣ። እባክዎ እንዳይሞክሩት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ራጁ ላይ የታየው በእርግጥም የቡና ፍሬ ነው። በፊንጢጣ በኩል ቱቦ ገብቶላቸው ብዙ ጋዝ ወጣ፤ ሆዳቸውም ጎደለ። ሆኖም ተመልሶ ስለሚጠማዘዝ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተነግሮናል።

የራጅ ባለሙያ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ቱቦው ከገባ በኋላ የሚነሳው ራጅ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚነጻጸር፣ ፊልሙን ሳያጥፉ በፖስታው ውስጥ ያቆዩት።