«ገዛ»፣ «አዘዘ»፣ «ተረከበ»፦ የአውሮፓን የታንክ ዜና በአማርኛ ስንጽፍ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። የውጭ ዜና ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ከ2022 ወዲህ የአውሮፓ ጦሮች የታንክ ግዢ ዜና በጣም በዝቷል። እኔም ግሱ ላይ እየተቸገርኩ ነው። «ፖላንድ 1000 የኮሪያ ታንኮች ገዛች» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ልክ ነው? «ማደስ»፣ «ማሻሻል» እና «ማዘመን»ስ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? «ዋና የውጊያ ታንክ» ሲባል ደግሞ «ዋና» የምትለዋ ቃል ምን ትሠራለች? የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንባቢን በጣም የሚያሳስተው እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ፖላንድ በጁላይ 2022 ከኮሪያው ታንክ አምራች ከሃዩንዳይ ሮተም ጋር የፈረመችው የማዕቀፍ ስምምነት ነው። 1000 የሚለው ቁጥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የማዕቀፍ ስምምነት ማለት ገዢና ሻጭ ስለ ብዛቱ፣ ስለ ዓይነቱና ስለ አካሄዱ የሚግባቡበት ሰነድ ነው። በዚህ ሰነድ ብቻ ፋብሪካ ሥራ አይጀምርም። ሥራ የሚጀመረው ዋጋና የመረከቢያ ጊዜ የተቆረጠበት የአፈጻጸም ውል ሲታሰር ነው። የመጀመሪያው ውል በኦገስት 2022 ታሰረ፤ ኬ2 ለተባሉ 180 የኮሪያ ታንኮች። ሁለተኛው እስከ ኦገስት 2025 ድረስ ቆየ። እሱም ለ180 ታንኮች ነው። ድምሩ 360 ይሆናል። ስለዚህ «1000 ገዛች» ያለ ሰው ውል ያልታሰረላቸውን 640 ታንኮች እንደተገዙ አድርጎ ለአንባቢ ነግሯል። የአንድ አገር ጦር ከእጥፍ በላይ አብጦ ታየ ማለት ነው። ይህ የቃል ምርጫ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እኔ ብሆን ደረጃውን በግስ እለያለሁ። ማዕቀፍ ሲፈረም «ተስማማች»። ውል ሲታሰር «አዘዘች» ወይም «ለመግዛት ውል ፈረመች»። ታንኩ ሲደርስ «ተረከበች»። የመጀመሪያዎቹ ኬ2 ታንኮች በዲሴምበር 2022 በመርከብ ግዲኒያ ወደብ ሲደርሱ ትክክለኛው ቃል «ተረከበች» ነበር። ወታደሮቹ ሠልጥነው፣ ጥይትና መለዋወጫ ተሟልቶ፣ ክፍለ ጦሩ ሲሰለፍበት ደግሞ «ታጠቀች» ይባላል። በአማርኛ «ታጠቀ» ክብደት ያለው ቃል ነው፤ ወረቀት ለተፈረመ ቀን አናባክነው።

ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ሊትዌኒያ በዲሴምበር 2024 ለ44 ጀርመን ሠራሽ ሊዮፓርድ 2ኤ8 ታንኮች ውል ፈርማለች። ነፃነቷን በ1990 ካስመለሰች ወዲህ ታንክ ኖሯት አያውቅም። በዚያ ሳምንት «ሊትዌኒያ ታንክ ታጠቀች» ብሎ መጻፍ ብዙ ዓመት መቅደም ነው። ኖርዌይ ደግሞ በ2023 ያዘዘችው 54 ሊዮፓርድ ነው፤ 18 ለመጨመር ግን መብት ይዛ ነው። ሁለቱን ደምሮ «72 አዘዘች» ማለት አይቻልም። «54 አዘዘች፤ 18 የመጨመር መብትም አላት» ማለት ይበቃል።

የማይገዛም አለ። ኔዘርላንድስ በ2011 የመጨረሻዎቹን የታንክ ሻለቆቿን በተነች። ወጪ ለመቀነስ ነበር። የቀሯትን ሊዮፓርዶች ሸጠች፤ 100ዎቹን ፊንላንድ ወሰደቻቸው። በኋላ ግን የታንከኛ ሙያ ከእጇ ፈጽሞ እንዳይወጣ ከጀርመን 18 ሊዮፓርድ 2ኤ6 ተከራየች፤ ወታደሮቿም ከጀርመኖች ጋር በአንድ ሻለቃ ውስጥ መሥራት ጀመሩ። «ኔዘርላንድስ 18 ታንኮች አሏት» የሚለውን ዜና ሳነብ ሁልጊዜ የምጨነቀው ለዚህ ነው። «ተከራየች» የሚል ጥሩ ቃል እያለን ለምን እንዘለዋለን? አሁን በ2025 የራሷን 46 አዲስ ሊዮፓርድ 2ኤ8 አዛለች። የተሸጠውን ያህል ብዛት ሳይኖረው፣ ዋጋው ግን እጅግ ከፍ ብሎ።

ወደ ሦስቱ ግሶች ልምጣ። «ማደስ» «አዲስ» ከሚለው ነው፤ የደከመውን እንደ ነበረ መመለስ ማለት ነው። በ2023 ጀርመን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ለዩክሬን የሰጧቸው ሊዮፓርድ 1ኤ5 ታንኮች የታደሱ ናቸው። ከመጋዘን ወጡ፣ ተጠገኑ፣ ተሞከሩ፣ ሄዱ። መድፋቸው ያው የድሮው 105 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህን «ዘመናዊ ታንኮች» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

«ማሻሻል» ከዚያ ያልፋል፤ ከነበረው የተሻለ ማድረግ ነው። የፈረንሳዩ ሌክሌር ኤክስኤልአር እዚህ ይመደባል። 200 ታንኮች ናቸው የሚሻሻሉት። መድፉ አልተቀየረም። የተጨመረው የጋሻ ብረት፣ በመንገድ ዳር የሚቀበሩ ፈንጂዎችን ምልክት የሚያፍን መሣሪያ፣ ከውስጥ ሆኖ የሚተኮስ መትረየስና ታንኩን ከሌሎቹ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ጋር የሚያገናኝ የመረጃ መረብ ነው። ፈረንሳይ አዲስ ሌክሌር አታዝም፤ የማምረቻው መስመር ከተዘጋ ቆይቷል። ያላትን ማሻሻል ብቻ ነው የቀራት።

«ማዘመን»ን እኔ ለእንግሊዙ ቻሌንጀር 3 አስቀምጠዋለሁ። እዚያ የሚሠራው ግድግዳው ሳይነካ ጣሪያው ከነቆርቆሮው እንደሚቀየርለት ቤት ነው። በ2021 በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ውል 148 ታንኮች ቴልፎርድ ከተማ ውስጥ እንዲሠሩ ተወሰነ። የቀድሞው ታንክ፣ የቻሌንጀር 2፣ የታች አካል እንዳለ ይቆያል። ቱሬቱ፣ ማለትም መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው። መድፉም ተቀየረ። የድሮው መድፍ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር የተቆረጠበት ነበር። አብዛኞቹ ሌሎች የኔቶ ጦሮች ደግሞ ውስጡ ልሙጥ የሆነ 120 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዘዋል። ስለዚህ እንግሊዝ ጥይቷን ከጎረቤት መበደር አትችልም ነበር፤ ለራሷ ብቻ ማምረት ነበረባት። አሁን የጀርመኑን ልሙጥ መድፍ ኤል55ኤ1ን ወሰደች። ጥይቱ የጋራ ሆነ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር «ኤል55» የአፈሙዙ ርዝመት ነው። የቀዳዳው ስፋት 55 ጊዜ ሲደገም ማለት ነው፤ 120 ሚሊ ሜትር በ55 ሲባዛ 6.6 ሜትር ይመጣል። አንዳንድ ጋዜጣ ላይ «55 ሚሊ ሜትር መድፍ» ተብሎ አይቻለሁ። ፍጹም ስህተት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «2ኤ8» ሲባል የቁጥሩ አሰያየም ያሳስታል። ስሙ የ1979ኙን ሊዮፓርድ 2 ስለሚከተል አንባቢ የተሻሻለ አሮጌ ታንክ ይመስለዋል። 2ኤ8 ግን ከፋብሪካ በአዲስ አካል የሚወጣ ነው፤ የሚመጣበትን ሮኬት በአየር ላይ እንዳለ መትቶ የሚያመክን ትሮፊ የተባለ የእስራኤል ሥርዓትም አብሮት ይመጣል። ከሦስቱ ግሶች አንዱም አይሆነውም። ስዊድን ሁለቱንም በአንድ ላይ እያደረገች ስለሆነ በተለይ ተጠንቀቁ፤ 44 አዲስ አዛለች፣ ያሏትንም የ1990ዎቹ ታንኮች ታሻሽላለች።

«ዋና» ላይ አጭር ልሁን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚባሉ ታንኮች ነበሩ፤ ለየሥራው የተለያየ። ከጦርነቱ በኋላ ፍጥነቱንም፣ ጋሻውንም፣ ትልቁንም መድፍ አንድ ታንክ ላይ ማዋሃድ ተቻለ። «ዋና» የተባለው እሱ ነው። ጀርመኖች በቀጥታ «የውጊያ ታንክ» ይሉታል። በ1990 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ የመደበኛ ጦር ቅነሳ ውል ደግሞ ልኩን አስቀምጦለታል፤ ቢያንስ 16.5 ቶን ክብደትና ዙሪያውን የሚዞር ቢያንስ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው። ስለዚህ ባለ ሰንሰለት የሆነ ሁሉ ታንክ አይደለም። እግረኛ የሚጭነውን ብረት ለበስ «ታንክ» የሚል ዜና ሲመጣ አርሙት።

ሌላ አባል

በሠራዊት ውስጥ ያገለገልኩ ነኝ። ወንድሜ በደንብ አብራርቶታል፤ እኔ አንድ ቃል ልጨምር። እነዚህ ዜናዎች ላይ «ጥይት ጫኝ» እየተባለ ይጻፋል። አማርኛው «አጉራሽ» ነው። ጥይት ይጎረሳል እንጂ አይጫንም፤ የሚጫነው ጭነት ነው። ሊዮፓርድ 2 ላይ አራት ሰው አለ፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሾፌር። ሌክሌርና ኬ2 ላይ ግን ሦስት ናቸው፤ አጉራሹ መሣሪያ ነው። ፖላንድ ሁለቱንም ዓይነት ስለያዘች ሥልጠናው የተለያየ ነው። ከሊዮፓርድ የመጣ አጉራሽ ኬ2 ላይ ቦታ የለውም።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አጉራሽ»ን ዛሬውኑ እጠቀምበታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። የፖላንዱን 1000 «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ ብገልጸው ያስኬዳል? ደግሞ ጀርመኖች «ሪንግታውሽ» የሚሉትን እንዴት ልበለው? «የቀለበት ልውውጥ» ብዬ ሠርግ መሰለብኝ።

መልስ

ተረቱ አይስማማም። ላሟ በሰማይ ያለች ሰው ምንም የለውም። ፖላንድ ግን በሁለተኛው ውል ከ180ው ውስጥ 61ዱ በራሷ አገር፣ ግሊቪጼ ከተማ ባለው ቡማር ፋብሪካ እንዲሠሩ አስወስናለች። ያን ሁሉ ድርድር የከፈተላት የ2022ቱ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ ቀብድ የሌለው ቃል ነው ብትል ይቀርባል።

«ሪንግታውሽ»ን በተመለከተ ሥራውን እንየው። በ2022 ቼክ የራሷን ቲ-72 ታንኮች ለዩክሬን ሰጠች። የዩክሬን ወታደሮች ቲ-72ን ያውቁታል፤ ሥልጠና አይፈልግም። ለቼክ የጎደለውን ጀርመን 14 ሊዮፓርድ 2ኤ4 ሰጥታ ሞላች። እንግዲህ ቀለበትም ልውውጥም የለበትም፤ የሰጠውና የተቀበለው አንድ አይደሉምና። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ለሰጪው ይተካል። «ምትክ» የሚለው ቃል ሙሉውን ይሸከመዋል። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ቼክ ቲ-72 ታንኮቿን ለዩክሬን ሰጠች፤ ጀርመንም በምትኩ 14 ሊዮፓርድ 2ኤ4 ለቼክ ሰጠች።»