እባካችሁ እርዱኝ፣ ኳየራችን እየወረደ ነው! ኮንሰርቱ ነገ ማታ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሀምቡርግ የምዘምርበት ኳየር ነገ ማታ የኢስቶኒያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአርቮ ፔርትን መዝሙረ ዳዊት 117 ያቀርባል። ያለ ምንም መሣሪያ ነው። በትክክለኛው ድምፅ እንጀምራለን፣ ስንጨርስ ፒያኖ ሲነካ ግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ያህል) ወርደን እንገኛለን። ዛሬ አራቴ ሞከርን፣ አራቴም ወረድን። መሪያችን ምንም ሳይል ኖታውን ዘግቶ ወጣ። ምን ይሻላል?

ጋሽ ዳዊት ደጋሚ፦ ልጄ፣ 117 እኮ 29 ቁጥር ያለው ረጅም መዝሙር ነው። ድምፅ ቢደክም ምን ይገርማል? አሳጥሩት።

ቴነር ነኝ፦ ግማሽ ቶን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። አለቀ።

የቅኔ ልጅ፦ ጋሽዬ፣ እርስዎ በግዕዙ ዳዊት ቆጥረው ነው። የእሷ በዕብራይስጡ ነው፣ በእኛ 116 የሚባለው። ሁለት ቁጥር ብቻ፣ ከዳዊት ሁሉ አጭሩ። ፔርት በ1984 እ.ኤ.አ. መዝሙር 117ን እና 131ን በቤተ ክርስቲያን ስላቮኒክ፣ በስላቮች የቅዳሴ ቋንቋ፣ ነው የጻፋቸው።

ጋሽ ዳዊት ደጋሚ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው አታሳጥሩት።

ሚሚ፦ አብራችሁ ከወረዳችሁ ማን ያውቃል? ነገ ፒያኖውን አትንኩት።

ጠያቂዋ፦ ሚሚዬ፣ 131 ወዲያው ይከተላል። ባሶቹ (ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩት) ከዚህ በታች ድምፅ የላቸውም!

የሙዚቃ መምህር፦ የፔርት አጻጻፍ ቲንቲናቡሊ ይባላል፣ ከደወል የመጣ ስም ነው። አንዱ ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ ሌላው በአንድ ኮርድ (አብረው የሚስማሙ ድምፆች) ሦስት ድምፆች ላይ ብቻ ይመላለሳል። ብዙ ጊዜ ኳየሩን የሚያወርዱት ደረጃ በደረጃ የሚሄዱት ናቸው። ሲወርዱ እርምጃው ይሰፋባቸዋል፣ ሲወጡ ያጥርባቸዋል። ኮርዱን የያዙትን ለብቻቸው አዘምሯቸው፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ይስሙ። ከዚያ እነሱን ተደግፈው ይግቡ።

አቤል፦ ግማሽ ቶን ከፍ አድርጉ።

አልቶዋ፦ ሁሉ ነገር በተወደደበት ዘመን እናንተ ጋ የሚወርድ ነገር ተገኘ 😂 አይዞሽ እህቴ፣ እኛም ደርሶብናል። ፔርት ላይ ዝምታ ይበዛል። እኛ የምንወርደው እዚያ ነበር። ትንፋሽ ስንወስድ ድምፁ ይጠፋናል፣ ስንመለስ ዝቅ ብለን እንገባለን። ልምምድ ላይ አፋችንን ገጥመን ዝምታውን ሁሉ «ምምም» እያልን ሞላነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ፒያኖ ሲነካ ልክ ገጠመ። ከዚያ «ምምም»ውን በልባችን ብቻ ያዝነው።

ጠያቂዋ፦ ዝምታው ላይ! አዎ፣ እዚያ ነው! አሁኑኑ በዋትስአፕ ለሁሉም ላክሁ። ነገ ጠዋት እንሞክራለን።

ቴነር ነኝ፦ እሺ፣ ካልሆነ ግማሽ ቶን ከፍ።

አልቶዋ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ እህቴ፣ እንዴት ሆነላችሁ?