የእሑዱ ድራማ፦ የተመልካች ቁጥር ሲቀንስ ይቋረጥ ወይስ ይጠበቅ?

አወያይ፦ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚተላለፈው አዲሱ ተከታታይ ድራማ አምስተኛ ክፍሉ ላይ ደርሷል። ይኸው አምስተኛ ክፍል በዩቲዩብ ያገኘው ተመልካች ግን የመጀመሪያው ክፍል ካገኘው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ስፖንሰሩ ውሉን ዳግም ለማየት አስቧል የሚል ወሬም ይሰማል። አስተያየት ሰጪዎቹ ከፊሉ «ታሪኩ ተንዛዛ» ሲሉ ከፊሉ «ገና አሁን መጣፈጥ ጀመረ» ይላሉ። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ እንግዲህ፣ ቁጥር በቀነሰ ጊዜ ጣቢያው ድራማውን ማቋረጥ ወይም ታሪኩን ማስቀየር ይገባዋል ወይ የሚል ነው።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ ይገባዋል ባይ ነኝ። ተመልካቹ የማያየው የገንዘቡ መንገድ ስላለ እሱን ላስረዳ። በአገራችን የአብዛኛውን ተከታታይ ድራማ ስፖንሰር ፈልጎ የሚያመጣው ጣቢያው ሳይሆን ፕሮዲዩሰሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ስፖንሰሩ ሲሸሽ የሚቀጥለው ክፍል የሚቀረጽበት ገንዘብ አብሮ ይሸሻል። ቀድሞ የቢራ ፋብሪካዎች ብዙውን ወጪ ይሸፍኑ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ ግን በራቸውን የምናንኳኳው ባንኮችንና የቤት አልሚዎችን ነው። እነሱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሰው አየው? በእጄ ያለው መልስ የዩቲዩቡ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ካሽቆለቆለ፣ በሌላ ሰው ብር ጥበብን ጠብቁ ለማለት አፍ የለኝም።

ዲሽ ሠሪው ከፒያሳ፦ ወንድማችን ስለ ገንዘቡ የተናገሩትን አልቃወምም፤ ሆኖም ቁጥሩ የማንን ዓይን እንደቆጠረ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮሳት በኩል የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የሚያሰራጨው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለው ሳተላይት ሥርጭቱን ወደ ሰሃናችን ይልካል እንጂ በየቤቱ ማን ምን እየተመለከተ እንደሆነ መልሶ የሚነግረው የለም። አንድ ሰሃን ለሦስትና ለአራት ቤት የሚያገለግልበት ግቢ ገብቼ በየጊዜው እሠራለሁ፤ እዚያ ሃያ ሰው ድራማውን ቢያይ በዩቲዩቡ መዝገብ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ለሞባይል ዳታ መክፈል የሚችለውና ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እትዬ፣ ከአራት ኪሎ፦ እኔን ማን ቆጠረኝ? እሑድ ማታ ከልጆቼ ጋር በሳሎኔ ተቀምጬ የማየው በቴሌቪዥን ነው። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡት ጎረቤቶቼም ድራማው እንዳለቀ ደውለው ስለ ታላቅየው ልጅ ተንኮል ያወሩኛል፤ እነሱንስ ማን ቆጠራቸው? ይሁን እንጂ ልጆቼ፣ እውነቱን ለመናገር ድራማው ቀርፋፋ ነው። ወንድማማቾቹ በአባታቸው ቤት የተጣሉበትን ምክንያት እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ ሊነግሩን አልፈለጉም፤ አንድ ሰው ከመኪና ወርዶ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ይቋረጥ አልልም፣ ይፍጠን ግን እላለሁ።

የስታትስቲክስ መምህሩ፣ ከስድስት ኪሎ፦ ቁጥሩ ማንን እንደተወ ተነግሯል፤ የተወዳደረበት መንገድም ስሕተት እንዳለበት ልጨምር። ድራማውን ዛሬ የሰማ አዲስ ተመልካች የሚጀምረው ከመጀመሪያው ክፍል ስለሆነ የዚያ ክፍል ቁጥር በየሳምንቱ ያድጋል፤ አምስተኛው ክፍል ደግሞ ገና ከወጣ ጥቂት ቀኑ ነው። ወር ያለፈውን ከሳምንት ልጅ ጋር አቁሞ ቁመት መለካት ፍርድ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ ጠቃሚው መረጃ፣ ዩቲዩብ ለቻናሉ ባለቤት ብቻ የሚያሳየው፣ የከፈተው ሰው በአማካይ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደቆየ የሚናገረው ነው። ስፖንሰሩ እሱን ጠይቆ ያውቃል?

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ መምህር፣ የእያንዳንዱን ክፍል የመጀመሪያ ሳምንት ብቻ ነጥለን ብናወዳድርም ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ቅናሹ አለ።

ዲሽ ሠሪው ከፒያሳ፦ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ከሆነ ምክንያቱ ኳስ ነው። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምር የነበረው የእሑዱ የመጨረሻ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይዞራል። ስለዚህ ድራማው ሲጀምር ሁለተኛው አጋማሽም ይጀምራል ማለት ነው። አንድ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሪሞቱ በማን እጅ እንደሚሆን ለእትዬ አልነግርም።

የስታትስቲክስ መምህሩ፣ ከስድስት ኪሎ፦ ይህ ማስረጃ ደስ ቢለኝም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል። ኳሱ ሥርጭቱን ነጥቆ ከሆነ፣ ያመለጣቸው ሰዎች ሰኞ በዩቲዩብ ሊያዩት ስለሚገባ የዩቲዩቡ ቁጥር መጨመር ነበረበት። ካልጨመረ፣ ያመለጣቸው ሰዎች ለመፈለግ ያህል አልጓጉም ማለት ነው፤ ይህም የእትዬን ቅሬታ ያጠናክራል።

ብዕረኛዋ፦ የዚህ ድራማ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ሙያው ግን ሙያዬ ስለሆነ የእትዬን ቅሬታ በአክብሮት እቀበላለሁ። ነገር ግን ፍጥነትን የምንለካው በምን እንደሆነ እናስብ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተመልካቻችን በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን በየዕለቱ ማየት ለምዷል። እነዚያ ድራማዎች በአገራቸው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ እየረዘሙ የሚተላለፉ ናቸው፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጡ ይቆራረጡና በየቀኑ ይቀርባሉ። ሰኞ የተንጠለጠለው ምስጢር ማክሰኞ ስለሚፈታ ዝግታቸው አይታወቅም። የእኛ ጸሐፊ ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያንኑ ጉጉት እንዲፈጥር ይጠየቃል። ሰባት ቀን የሚያስጠብቅ ዝግታና አንድ ቀን የሚያስጠብቅ ዝግታ እኩል አይከብዱም።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ እኅቴ፣ የቱርኩ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል። ቱርክ ውስጥ ጣቢያዎች ተመልካች ያጣውን ድራማ በጥቂት ክፍሎች ያቋርጡታል፤ ምንም ሳይራሩ ነው ይህን የሚያደርጉት። እኛ ዘንድ የደረሱትና የምናደንቃቸው ከዚያ ወንፊት ያለፉት ብቻ ናቸው።

ብዕረኛዋ፦ ወንፊቱ ግን የሚነፋው በምን ነው? እዚያ በተመረጡ ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ የተገጠመ መለኪያ አለ፤ እዚህ የለም። መለኪያ ባለበት አገር እንኳ መታገሥ ያስገኘው ጥቅም ይታወቃል። ቺርስ የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በመጀመሪያው ዓመቱ በተመልካች ብዛት ከሰንጠረዡ ግርጌ አካባቢ ነበር፤ ጣቢያው ታግሦት 11 የውድድር ዘመን ያህል ቆየ፣ ከአገሪቱ ታዋቂ ድራማዎችም አንዱ ሆነ።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ «የውድድር ዘመን» ለኳስ ነው፣ እኅቴ፤ ለድራማ ምዕራፍ ነው የምንለው። ቀልዱን ወደ ጎን ልተወውና፣ ያ ጣቢያ የታገሠው በራሱ ገንዘብ ነበር። የእኛ ፕሮዲዩሰር የካሜራ ኪራይ ተበድሮ የሚከፍል ሰው ነው።

የስታትስቲክስ መምህሩ፣ ከስድስት ኪሎ፦ እንግዲያው ዕዳውን የሚያቀልለው ትክክለኛ መለኪያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የሚሠራው ባርብ የተባለ፣ ጣቢያዎቹና የማስታወቂያ ባለሙያዎቹ በጋራ የሚይዙት ድርጅት ነው፤ አገሩን እንዲወክሉ ተደርገው በተመረጡ ጥቂት ሺሕ ቤቶች ይለካል፣ ጣቢያዎቹም ተፎካካሪዎች ሆነው ሳለ በአንድ ቁጥር ይዳኛሉ። ደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ አሠራር አላት። የእኛ ጣቢያዎች ወጪውን ከማስታወቂያ ድርጅቶች ጋር ቢካፈሉ የማይቻል ነገር አይደለም።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ ሐሳቡ መልካም ነው። ዛሬ ሁሉም ጣቢያ «ቀዳሚው እኔ ነኝ» ብሎ ማስታወቂያ ይሸጣል፤ አራተኛ መሆኑን የሚነግረውን መሣሪያ በገንዘቡ የሚገዛ ማን ነው?

እትዬ፣ ከአራት ኪሎ፦ መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ታላቅየውን ልጅ እንዳይገድሉብኝ ብቻ አደራ። ባለፈው ጊዜ በሌላ ድራማ አስተያየት ሰጪዎች ጮኹ ተብሎ፣ ክፉ የነበረችው ሴት በአንድ ሳምንት ደግ ሆና መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ማየት ተውኩ።

ብዕረኛዋ፦ የእትዬ ነገር የክርክሩ ዋና ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ የሚቀረጸው ከሥርጭቱ ጋር እየተሯሯጡ ስለሆነ፣ እሑድ የተሰጠው አስተያየት ለመጪዎቹ ክፍሎች ጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣል። የሚረዝመውን የበር ማንኳኳት በኤዲቲንግ ማሳጠር ተገቢ ነው፤ ይህ ለተመልካች ጆሮ መስጠት ነው። የገጸ ባሕርይን ዕጣ በጩኸት መቀየር ግን የጮኸውን ሳያስደስት የታገሠውን ያሳጣል። ስለዚህ የእኔ አቋም፣ ውሉ ለአንድ ምዕራፍ በሙሉ ይፈረም፣ ድራማውም እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አይነካ የሚል ነው።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ የአሥራ ሦስት ክፍል ጽሑፍ ተጠናቅቆ፣ አንድም ክፍል ሳይተላለፍ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ከቀረበ፣ እንዲህ ያለ ውል ለደንበኛዬ ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ። ሁለት ክፍል አንብቦ ለአሥራ ሦስት የሚፈርም ግን አላገኝም።

ብዕረኛዋ፦ ይቀርባል፤ አሥራ ሦስቱ ክፍሎች የሚጻፉባቸውን ወራት የጸሐፊውን ክፍያ ማን በቅድሚያ እንደሚከፍል በዚያው ውል ላይ ከሰፈረ።

የሜክሲኮው የማስታወቂያ ሰው፦ እሱን ለደንበኞቼ አቅርቤ መልሱን ይዤ እመለሳለሁ፤ አሁን ላለው ድራማ ግን የሚደርስ አይመስለኝም።