የምራቴ እናት ከፑዌብላ ሊመጡ ነው፤ ለሜክሲኮ ምግብ ጓዳዬ ምን ምን ይኑረው?

ጠያቂ፦ እናት ከኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ልጄ ያገባው የሜክሲኮ ልጅ ነው። እናቷ በሚቀጥለው ወር ከፑዌብላ መጥተው ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ይሰነብታሉ። እንጀራና ዶሮ ወጡ አይቀርም። አንድ ሁለት ቀን ግን የለመዱትን ላቀርብላቸው አሰብኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞክሬ ነበር። ለገንፎ በምንገዛው የበቆሎ ዱቄት ቶርቲያ (የነሱን ስስ ቂጣ) ልጋግር ስል ሊጡ እጄ ላይ ፍርስርስ አለ። ለስጎውም በርበሬ ጨመርኩበት። ምራቴ ቀመሰችና «ይጣፍጣል፣ ግን ወጥ ነው» አለችኝ። የሜክሲኮ ሱቅ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው። ገብቼ የደረቀውን የበርበሬ ዓይነት ሳይ ግራ ገባኝና ባዶ እጄን ወጣሁ። ምን ልግዛ? ጓዳዬ ጠባብ ናት። ደግሞ ጿሚ ነኝ፣ የአሳማ ነገር ቤቴ አይገባም።

መልስ፦ የኪችን ልጅ

እማማ፣ እኔ ሜሪላንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከፑዌብላና ከዋሃካ ልጆች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እነሱ ያሳዩኝን ልንገርዎት።

ዱቄቱ ላይ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ለቶርቲያ የሚሆነው በቆሎ ከመፈጨቱ በፊት በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያደረ ነው። ሊጡን የሚያያይዘው ያ ነው። ተራ የበቆሎ ዱቄት ቢያሹት ቢያሹት አይያያዝም። ከረጢቱ ላይ «ማሳ ሃሪና» የሚል ይፈልጉ። ማሳ በእኛ እርሻ ነው፣ በነሱ ሊጥ። ማሴካ የሚባለው እዚህ አሜሪካ የትም አለ። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ተኩል ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። አሽተው እርጥብ ጨርቅ ያልብሱትና 20 ደቂቃ ይተዉት። ሲጫኑት ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ውሃ አንሶታል። የሊጥ መጫኛ ብረት ካልገዙ የፌስታል ቁራጭ ከላይና ከታች አድርገው በከባድ መጥበሻ ቂጥ ይጫኑት። በጋለ የብረት ምጣድ ላይ ከጋገሩት በኋላ ወዲያው በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ እዚያ ውስጥ ነው የሚለሰልሰው።

ከዛላዎቹ ሦስት ብቻ ይያዙ። አንቾ ሰፋ ያለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ የዘቢብ ጣዕም ያለው ነው። ጉዋሂዮ ረዘም ያለ፣ ቆዳው ልስልስና የሚያብረቀርቅ ቀይ ነው፤ ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። አርቦል ቀጭኗ ናት፣ እንደ ሚጥሚጣችን ታቃጥላለች፣ አንድ ሁለት ይበቃል። ሲገዙ በከረጢቱ ላይ ጎበጥ ያድርጉት። መታጠፍ አለበት፤ ኮሽ ብሎ ከተሰበረ ከርሟል።

አሠራሩ፦ ፍሬውን አራግፈው በደረቅ መጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ። ሽታው አፍንጫዎን ሲነካው ያውጡት፣ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ከጠቆረ ይመራል፣ በምንም አይመለስም። ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይዘፈዝፉት። ከዚያ ከተጠበሰ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭተው በዘይት ያቁላሉት። እዚህ ላይ የእኛ እጅ ያውቅበታል፤ ቀለሙ እስኪጠቁርና ዘይቱ እስኪወጣ ነው።

በርበሬያችንን ግን ይተዉት። እንጀራ ላይ ንጉሥ ነው፤ ኮረሪማውና አብሹ ግን እዚህ ሁሉንም ወጥ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ሞሌ የሚባለውን፣ ፑዌብላ የምትታወቅበትን የዛላና የቅመም ስጎ አይሥሩ። ለፑዌብላ ሴት ሞሌ ማቅረብ ለጎንደር ሴት ዶሮ ወጥ ሠርቶ እንደ ማቅረብ ነው። እሳቸው ይሥሩት፣ እርስዎ ይመልከቱ።

መልስ፦ ወለተ ማርያም

እህቴ፣ እኔም ጿሚ ነኝ፣ ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት። ሦስት ቦታ ተጠንቀቂ።

የቆርቆሮ የተፈጨ ቦሎቄያቸው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። ጀርባውን አንብቢ። «ማንቴካ» የሚለው ቃል ስብ ነው፤ ከጎኑ «ቬጀታል» ካለው የአትክልት ነው። የስንዴ ቶርቲያና የተዘጋጀ ታማሌም (በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው የበቆሎ ሊጥ) እንደዚሁ። ሦስተኛው ቀይ ሩዛቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የዶሮ መረቅ ዱቄት ይገባበታል።

ስለዚህ ደረቁን ቦሎቄ ግዢና ራስሽ ቀቅዪው። ጥቁሩን ውሰጂ። ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ካገኘሽ ኤፓሶቴ የሚባለውን ቅጠል ጣል አድርጊበት። ኦሮራ አዲስ አበባን ባታህልም ከፍታ ላይ ናት፤ ዝቅ ባለ አገር በሁለት ሰዓት የሚበስል ቦሎቄ እዚያ ይለግማል። ሌሊቱን ዘፍዝፊው ወይም በፕሬዠር ድስት ሥሪው።

የቁልቋል በለስ ቅጠልም አትርሺ፣ ኖፓል ይሉታል። እሾሁ ተላጦ ይሸጣል። የትግራይ ሰዎች ፍሬውን በደንብ እናውቀዋለን፣ እነሱ ቅጠሉንም ይበሉታል፤ በለስ የመጣውም ከዚያው ከሜክሲኮ ነው። ቀቅለሽ እንደ ባሚያ የሚዝለገለገውን እጠቢው። ከዚያ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሎሚ ሰላጣ አድርጊው።

መልስ፦ ቦሌ ሚካኤል

እኔ እንኳ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሱቁም የለም ማሴካም የለም። ምን ይደረጋል?

መልስ፦ የኪችን ልጅ

ወንድሜ፣ ከዜሮ መጀመር ነው። 1 ኪሎ ነጭ ደረቅ በቆሎ፣ 10 ግራም ያህል ለምግብ የሚሆን ኖራ፣ 3 ሊትር ውሃ። የሕንፃ ኖራ እንዳትነካ። ቆዳው በጣት ሲታሽ እስኪለቅ ድረስ በዝግታ ቀቅለህ ሌሊቱን አሳድረው። ጠዋት አሽተህ በደንብ አጥበህ ፍጨው። ክንድህ ይመሰክራል።

እማማ፣ ቅድም የረሳሁት፦ ቶማቲዮ። ወረቀት የመሰለ ልባስ ያለው አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ያልበሰለ ቲማቲም አይተካውም። ግማሽ ኪሎውን ሃላፔኞ ከሚባለው ቃሪያቸው ከሁለቱ ጋር ቀቅለው፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሽንኩርት ጋር ፈጭተው ጨው ጣል ካደረጉበት አረንጓዴው ስጎ አለቀ። ቅጠሉ ላይ አይሰስቱ። ኦሬጋኖም የሜክሲኮ የሚለውን ይውሰዱ፤ የፒዛው ሌላ ተክል ነው።

ለፍስክ ቀን ኬሶ ፍሬስኮ ይግዙ። ካላገኙ የእኛን አይብ ጨው ጨምረው ቢበትኑበት ማንም አይጠረጥርዎትም።

ጠያቂ፦ እናት ከኮሎራዶ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማሴካውንና ሦስቱን ዛላ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቶርቲያዎች ወፍራም ቂጣ ሆኑ። ሦስተኛዋ ምጣዱ ላይ እንዳለች ተነፋች! ምራቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ላከችላቸው። አሁን ሚስጥርም የለንም።

አንድ የቀረኝ፦ ሱቁ ውስጥ ከርከዴ የሚመስል ደረቅ አበባ በኪሎ ይሸጣል። ራሱ ነው?

መልስ፦ ወለተ ማርያም

ራሱ ነው፣ ሃማይካ ይሉታል። 1 ኩባያ አበባ በ2 ሊትር ውሃ አፍልተሽ አጥልይው። ግማሽ ኩባያ ስኳር ጨምሪና ቅመሺ፣ ካነሰ ጨምሪ። እነሱ እንደ ሻይ ትኩሱን ሳይሆን በበረዶ ነው የሚጠጡት። ነጭ የገበታ ጨርቅ እንዳታነጥፊ ብቻ፤ የኔው እስከ ዛሬ አለቀቀም።