«ባዶ»፦ ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ፖስተር፣ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ

የእርሳስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ጓደኛዬ የፎቶ ኤግዚቢሽን ልታሳይ ነው። ሰው ለቅቆ የወጣባቸው ቤቶች ናቸው፤ ርዕሱ «ባዶ»። ፖስተሩን እኔ እሠራልሻለሁ ብዬ አፌ አመለጠኝ። ፎቶ እንዳይገባበት አለች፤ ፎቶውን መጥተው ይዩት ነው ነገሩ። ስለዚህ ያለኝ ፊደል ብቻ ነው።

እስካሁን 14 ትንንሽ ንድፍ በእርሳስ ሞክሬያለሁ። አብዛኛው የሚጣል ነው። አንዱ ላይ ቃሉን በጣም አሳንሼ ጥግ ላይ ወሸቅኩት። ባዶነቱ ይሰማል፣ ግን ይቺን ዘዴ ያልሠራ የለም። ሌላው ላይ ፊደሎቹን ከካርቶን ቆርጬ ጥላቸውን ፎቶ አነሳሁ። ቆንጆ ነበር፣ የኬክ ቤት ማስታወቂያ መሰለ እንጂ።

ትናንት ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የማሽኑ መብራት ከሥር ሲሄድ፣ መጨረሻው ላይ ወረቀቱን አብሬው ሳብ አደረግኩት። ልጁ «ማሽኑን ልታበላሺብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። የወጣው ግን ገረመኝ። አናታቸው እንዳለ ነው፣ ረጃጅሞቹ እግሮች ብቻ ተጎትተው ወርደዋል። የባ ረጅም እግር በቀኝ ነው፣ የዶ ደግሞ በግራ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱ መሀል ላይ ይፋጠጣሉ። በመካከላቸው የቀረው ነጭ ቦታ ቁርጥ በር!

እግሮቹን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ባወርዳቸው ይነበባል? ቀኑንና ቦታውንስ በሩ ውስጥ ልጻፈው? ወረቀቱ ኤ3 ነው፣ 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር።

ሌሊት ሠሪ፦
አንቺ፣ ይሄን ያዢ፣ 14ቱን ጣያቸው። በሩ ውስጥ ግን አንዲት ነጠብጣብ እንዳታስገቢ። ቀኑ ከባ አጭር እግር ሥር፣ ቦታው ከዶ አጭር እግር ሥር ይግባ። ቦታው ራሱ እዚያ ተዘጋጅቶልሻል።

ኮምፒውተር ላይ ስትሠሪው ሙሉ ፊደሉን ወደ ታች አትጎትቺ። አግድሙ መስመር ይወፍርና ቋሚው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ያስጠላል። መጀመሪያ ፊደሉን ጠርዙ በነጥቦች ወደሚስተካከል ቅርጽ ቀይሪው፤ ከዚያ የእግሩን የታች ነጥቦች ብቻ መርጠሽ ሳቢ።

ጋሽ ብሩሽ፦
ልጄ፣ እኔ የሱቅ ሰሌዳ በእጄ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አጫጭሮቹን እግሮች ጠብቂ። በጣም ካሳጠርሻቸው ፊደሉ ይሰበራል፤ ካስረዘምሻቸው ደግሞ ባ በ፣ ዶ ደ ይሆንና «በደ» ብለሽ ቁጭ ነው። የረጅሙ እግር ሲሶ ያህል ይበቃል።

ሌላው፣ የፈረንጅ ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የኛ የለውም። አባቶች ብራና ላይ የቅዱሳንን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። አንቺም ቀኑን ብቻ በቀይ አድርጊው። ሐረግ የሚሉትን የብራና ጌጥ ግን እንዳትጨምሪ፣ አደራ! የሀገር ነገር በተባለ ቁጥር ዳር ዳሩን ሐረግ መጠምጠም ሰልችቶኛል።

ዝም ብዬ አያለሁ፦
ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን እንደ ልቡ ሲያጣምም እንወድለታለን፤ ሥዕል ነዋ፣ ባይነበብም ግድ የለም። ፖስተር ግን ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው በሁለት ሰከንድ ካላነበበው ምኑን ፖስተር ሆነ? ለጥፈሽ ከሩቅ እዪው።

የእርሳስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አጫጭሮቹን ሲሶ አደረግኳቸው፤ ወዲያው ባም ዶም ሆኑ። ቀኑ ቀይ ሆኗል። ሐረግም የለም።

ሳሎን ለጠፍኩትና እናቴን ከኩሽና ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ፣ ሽንኩርቱ በእጇ እንዳለ፣ «ባዶ» አለች። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆየችና «ይሄ ሱሪ ግን የማነው?» አትለኝም! እውነቷን ነው። ሁለት ረጅም እግር፣ መሀሉ ጠባብ፤ የተሰጣ ሱሪ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልታይ ብሎኛል።

ክፍተቱ አሁን 4 ሴንቲ ነው። ሱሪው በር እስኪሆን ስንት ላራርቀው?

ሌሊት ሠሪ፦
ሃሃ፣ እማማ ጨረሱት! ከ7 ጀምሪ። እግሮቹንም አቅጥኛቸው፣ የሱሪ ወፍረት ነው የያዙት።

የእርሳስ ልጅ፦
7 በር ሆነ። በ9 ሁለቱ ፊደሎች ተለያዩና ቃል መሆናቸው ቀረ። 7 ላይ ቆሜያለሁ። ነገ ላትም ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ግን ሌላ ሰፈር እፈልጋለሁ።